ገርጂ የነበረው እንጨት ቤታችን

ባለፈው ነሐሴ፣ ከአንድ ኃይለኛ ዝናብ በኋላ፣ ገርጂ ላይ ከልጄ ጋር ወደ ታክሲው ስንሄድ እግሬ በራሱ ቆመ። መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ውሃ ገብቶባቸው ባለቤቶቹ ጭቃውን በመጥረጊያ እየገፉ ያወጣሉ። ስልክ ጠጋኙ የራሰ ካርቶኑን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደርድሯል፤ የመዋቢያ ዕቃ የምትሸጠው ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የሻምፖ ጠርሙሶች ታጥባለች። ከዚያ ቀጥሎ ባለው የሶፋ ቤት በር ላይ የረጠበ ሰጋቱራ ተከምሯል። ሽታው መጣብኝ። ደረቅ ሰጋቱራ ደስ የሚል ነገር አለው፤ ጎርፍ የነካው ግን ይኮመጥጣል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ያን ሽታ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አሽትቼው አላውቅም ነበር። ልጄ ደንግጣ ክንዴን ያዘችኝ። "እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ልብሽ ነው እንዴ?" "ልቤስ ልቤ ነው፤ አንቺ የምታስቢው ግን አይደለም" አልኳት። ታክሲ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። እሷ ስልኳን ስትነካካ፣ እኔ ግን በዚያው መንገድ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር።

ያን ጊዜ ከመገናኛ ገርጂ ለመሄድ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የተለመደ ነው። ዋጋው ስልሳ አምስት ሳንቲም። ረዳቱ መልሱን አምስት ሳንቲም ሊያስቀር ሲል ታክሲው በሙሉ ይጮህበታል። ዛሬ ይህን ለልጄ ስነግራት አምስት ሳንቲም ምን እንደሚመስል ትጠይቀኛለች። አስፋልቱ ያለቀበት ቦታ እንወርዳለን፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ሴቶቹ ደህናውን ጫማችንን በፌስታል ይዘን፣ በኮንጎ ጫማ ተራምደን፣ የሥራ ቦታችን በር ላይ እግራችንን ታጥበን እንቀይራለን። አሁን ባንክና ካፌ የተደረደረበት መስመር ላይ ያኔ ላሞች መንገድ ያቋርጡ ነበር። ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ወሬ የጀመረ ሰው አፉን እንደከፈተ ይጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። እንግዳ ሰው ይስቅብን ነበር። እኛ ለምደነው ሌላ ሰፈር ሄደንም ስናወራ መሀል ላይ የምናቆም ይመስለኛል።

እንጨት ቤታችን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንዲት ወንዝ አጠገብ ነበር። ወንዝ ማለትም ያሳፍራል፤ በበጋ ዘለው የሚሻገሯት ቦይ ነበረች። ባለቤቱ ከድር ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ጨርቅ ሲጠቀልሉ መዋል አይሆንልኝም ብሎ፣ ቦታ ተከራይቶ፣ ማሽን ገዝቶ ይህን ሥራ ጀመረ። ከእኔ በጥቂት ዓመት ስለሚያንስ ሁላችንም ከድር ብለን ነው የምንጠራው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምሳውን ቆሞ የሚበላ ሰው ነበር። የማሽኑ ባለሙያ ሰኢድ ይባላል፤ ልጅ ሆኖ አገሩ ወሎ ዝናብ በቀረበት ዓመት ከእናቱ ጋር ወጥቶ አዲስ አበባ የቀረ ነው። መጋዙን ሲያስነሳ "ቢስሚላህ" ሳይል እጁን አያስጠጋም። በዚያ ሙያ አሥሩም ጣቱ ሙሉ የሆነ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እኔ አስካለ ደግሞ የሶፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጥግ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት ማሽኔን ይዤ እቀመጥ ነበር።

የቤቱ ራስ ግን፣ ከድር ራሱም የሚያምነው፣ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ሙያውን ካዛንቺስ አካባቢ ከነበረ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ተምረዋል። አጭር ናቸው፤ ጣቶቻቸው ግን የሌላ ረዥም ሰው ይመስላሉ። ጣውላ ሲገዛ መርካቶ ድረስ አብረው ሄደው በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ያዳምጡታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ "ይኼ ገና ልጅ ነው፣ ይቆይ" ይላሉ። ወንበር ሲሠሩ ሚስማር አይነኩም። የአንዱን እንጨት ጫፍ አጥብበው፣ በሌላው ላይ ልኩን ፈልፍለው ያስገቡታል፤ በመሀል የወይራ ችካል ይመቱበታል፤ አለቀ። "አስካለ፣ ይኼ ወንበር ላይ የልጅ ልጅሽ ሰርግ ቀን ትቀመጪበታለሽ" ይሉኛል። እኔ ያኔ ገና አላገባሁም፤ ሁሉም ይስቃል።

የዚያን ጊዜ ሶፋ ሶፋ ነበር። አሁን ሰው ስልኩ ላይ ሥዕል አሳይቶ "እንደዚህ" ይላል፤ ያኔ ግን ባልና ሚስት ተያይዘው መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ተነስተው፣ ተማክረው ነው የሚያዙት። ልብሱ ከፋይ ነው፤ ወይን ጠጅ ወይም ቅጠልያ፣ ከታች ዘርፍ የተንጠለጠለበት። እኔ ስንት ቀን ተጨንቄ የሰፋሁትን ከፋይ ወስደው ቤታቸው በዳንቴል ይሸፍኑታል። አንዲት ደንበኛችንን ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቷ ሄጄ ዳንቴሉን ገለጥ ባደርገው ከፋዩ ያልተነካ፣ ሱቅ ያለ ይመስላል። "እንግዳ ሲመጣ ነው የምገልጠው" አለችኝ። "እኔስ ምንድን ነኝ?" ብላት ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ሙሽሮች ደግሞ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን፣ መሀሉ መስታወት ያለው፣ ያዛሉ። ቁም ሳጥኑ በአይሱዙ ሲጫን መስታወቱ ሰፈሩን በሙሉ እያሳየ ይሄዳል። ምሳ ሽሮ በሦስት ብር፣ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም። የሰኢድ ቴፕ መደርደሪያው ላይ ሆኖ ይዘፍናል፤ ሰጋቱራ እየገባበት ዘፋኙ አንዳንዴ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል፤ ያኔ ጋሽ ወልዴ "ኧረ ቀስቅሱት!" ይላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ስንወጣ ጂንስ ጃኬቴን ለብሼ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ዝም ብዬ እየተራመድኩ፣ በየሆቴሉ መስታወት ራሴን እያየሁ ነው የምመለሰው። ከዚያ ሁሉ የሚያምር ነገር መሀል የሚበልጥብኝ ግን ሰኞ ጠዋት ያንን በር መክፈት ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ይሠራ የነበረ አዲስ ሆቴል ሰማንያ ወንበርና ሃያ ጠረጴዛ አዘዘን። በመስቀል ማግስት ነው የሚከፈተው። እንዲህ ያለ ሥራ አይተን አናውቅም። ከድር ዜናውን ይዞ ሲገባ እንደ ልጅ ሁለት እጁን አንስቶ ነበር። ጋሽ ወልዴ ብቻ "ሰማንያ..." ብለው ወደ እንጨቱ ክምር ዞሩ። ከሐምሌ ጀምሮ ሁላችንም ሌላ ሥራ ትተን ያንኑ ስንሠራ ከረምን። ወንበሮቹ ዋንዛ ናቸው፤ መቀመጫቸውን እኔ በቀይ ከፋይ ሸፈንኩ። ከቡሄ በፊት ስልሳ ስምንቱ አልቀው፣ ቫርኒሽ ተቀብተው፣ አራት አራት ሆነው ከኋላው ግድግዳ ጋር ተደርድረዋል። አንዳንድ ጊዜ ሥራዬን ትቼ አያቸዋለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ዝናቡን በተመለከተ ልንገራችሁ። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው የአዲስ አበባ ክረምት ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ ያካፋል። ያሰለቻል እንጂ አያስፈራም። ያን ዓመት ግን ሰኔ ደርቆ አለፈ፤ ሐምሌም ደመናውን እያሳየ ከለከለ። ሰኢድ ሰማዩን አይቶ "ይኼን ነገር አውቀዋለሁ" ይል ነበር፤ የልጅነቱን እያስታወሰ። ከዚያ ነሐሴ ላይ ሁሉንም በአንድ ቀን አወረደው። በላይ በኩል ደግሞ አዳዲስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ቆፍረው ያወጡትን አፈርና ድንጋይ ወንዟ ውስጥ ሲገለብጡ፣ አንዳንዱም አጥሩን እስከ ዳርቻዋ ሲገፋ ነው የከረመው። እያየን ዝም አልን። እኛስ የከረመ ቁርጥራጭ እንጨት እዚያው አይደል የምንጥለው?

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በመጀመሪያ በረዶ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገቤ ያለ ሰው የሚለው አይሰማኝም። በረዶው አቁሞ ዝናቡ ሲቀጥል ሰኢድ ማሽኑን አስነሳ፤ የቀረ ሥራ አለና። እኔ ጎንበስ ብዬ ስሰፋ እግሬ ቀዘቀዘኝ። ባይ ውሃ ነው። ከኋላው በር ሥር፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሰጋቱራውን በላዩ ተሸክሞ ይገባል። ወለሉ ራሱ ተነስቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። "ውሃ!" ብዬ ጮህኩ። ሰኢድ ዞሮ አየና ፊቱ ተለወጠ። "መብራት! አስካለ፣ መብራቱን አጥፊው!" ማብሪያው ያለው ከእኔ በላይ ግድግዳው ላይ ነው። ወንበሬ ላይ ወጥቼ በመዳፌ መታሁት። ማሽኑ ድምፁ እየሰለለ ቆመ፤ ቤቱ ጨለመ፤ ያኔ ነው የወንዙን ጩኸት የሰማነው።

የኋላው የብሎኬት ግድግዳ ሲወድቅ ውሃው ከወገባችን በላይ ደረሰ። ጣውላው ተንሳፍፎ እንደ ሰው ይገፋናል። ከድር ሠራተኞቹን እየቆጠረ በፊት በር ያስወጣል። ጋሽ ወልዴ የሉም። ዞር ስል ውሃው ውስጥ ቆመው ወንበር እያነሱ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ያወጣሉ። አንዱን ሲያወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ። "ጋሽ ወልዴ! ይተዉት! እባክዎ ይውጡ!" ከድር ተመልሶ ገብቶ ከኋላቸው ወገባቸውን አቅፎ ጎተታቸው። እሳቸው አንድ ወንበር እግሩን ይዘው አልለቅ አሉ፤ ከነወንበሩ ነው ያወጣቸው። ማዶ፣ ከፍ ያለው መንገድ ላይ፣ በዝናብ ቆመን አየን። አንድ ሰዓት አይሞላም። ውሃው መጥቶ፣ ገብቶ፣ ወጥቶ ሄደ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ አንድ ጎረቤት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዕቃ ነው" አለን። እውነቱን ነው። ግን ማናችንም ቀና ብለን አላየነውም።

በማግስቱ ስንገባ ያ ሽታ ነበር። ሞተሮቹ ውስጥ ጭቃ፣ የእኔ ማሽን ውስጥ ጭቃ፣ ቀዩ ከፋይ ቡናማ ሆኗል። ወንበሮቹ ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ አልተሰበሩም። ጋሽ ወልዴ አንድ በአንድ እየነቀነቁ አዩአቸው፤ ችካሎቹ ውሃ ጠጥተው አብጠው ይበልጥ ጠብቀዋል። ፊታቸው ላይ ትንሽ ብርሃን አየሁ። "ታጥበው፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ እያገኛቸው ይቆዩ" አሉ። "ዋንዛ ሲቸኩሉበት ይበቀላል።"

"እስከ መቼ?" አለ ከድር።

"ቢያንስ ሁለት ወር፤ ሦስት ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።"

ከድር ራሱን ያዘ። ጠዋቱን ሆቴሉ ሄዶ ነበር፤ የሆቴሉ ሰው አዝኖለት፣ ሻይ አዝዞለት፣ "ቀኑ ግን ቀኑ ነው" ብሎታል። "አምስት ሳምንት ነው ያለኝ ጋሽ ወልዴ። ፀሐይዋ ወጥታለች። ውጭ እናውጣቸው።"

"ፀሐይ ላይ? ከድር፣ ታውቃለህ እኮ።"

"አውቃለሁ! የማላውቀው ሌላ ምን እንደማደርግ ነው!" ድምፁ ተሰነጠቀ። "ይኼ ሁሉ ሰው እኔን ነው የሚያየው። እርስዎ ስለ እንጨቱ ያስባሉ፤ እኔ ስለ ሁሉም ነው የማስበው። ቤቱ የማን ነው? ያውጡ ስልዎት ያውጡ!"

እንዲህ ተናግሯቸው አያውቅም። ለሌላ ሰውም እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጋሽ ወልዴ ሁለት ወንበር ብድግ አድርገው ወደ ፀሐዩ ወጡ። እኛም ተከተልናቸው። ከስልሳ በላይ ወንበር ሜዳው ላይ ተደርድሮ፣ የሰው ድግስ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ እየበላን፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ሌላ። እንጨቱ እየተሰነጠቀ ነው። ቀስ ብሎ መድረቅ የነበረበት ዋንዛ ከላይ ደርቆ፣ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ፣ እግሩ ተጣመመ፣ ያ የማይነቃነቅ መገጣጠሚያ አፉን ከፈተ። ማንም ጉርሻውን አልዋጠም። ጋሽ ወልዴ ተነስተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከጭቃ የወለወሏቸውን መላጊያና መሮዎች በጆንያ ጠቅልለው፣ "ደህና ሁኑ" ብለው ሄዱ። ከድር አላስቆማቸውም። ጀርባውን ሰጥቶ አንዱን ወንበር በእጁ እየዳሰሰ ነበር።

ሆቴሉ ከውጭ አገር የመጣ ወንበር ገዝቶ በቀኑ ተከፈተ። እንጨት ቤቱ ተዘጋ። ሰው ስለ ጎርፍ ሲያወራ የፈረሰ ግድግዳና የተበላሸ ማሽን ነው የሚያየው፤ እነዚያን ገንዘብ ይመልሳቸዋል። እኔ ያየሁት ግን አንድ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ የነበረ እጅ እንዴት እንደሚበተን ነው። ከድር መርካቶ አጎቱ ሱቅ ገብቶ የጠላውን ጨርቅ መጠቅለል ጀመረ። ሰኢድ ሞተሮቹን ፈትቶ አይቶ ተስፋ ሲቆርጥ "ድርቅ ከወሎ አወጣኝ፣ ጎርፍ ደግሞ ከገርጂ" ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። መንጃ ፈቃድ አወጣና ታክሲ ያዘ፤ እንጨት ዳግመኛ አልነካም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መገናኛ ላይ ሲያገኘኝ ጋቢና ያስቀምጠኝ ነበር፤ መሪውን የያዙትን አሥር ጣቶቹን እያየሁ እሄዳለሁ። እንዴት ያለ ባለሙያ ነበር! አሁን ልጆቹን አድርሶ ደሴ ገብቷል ይሉኛል።

እኔ ማሽኔን አላጣሁትም። ቤቴ አስወስጄ፣ ፈታትቼ፣ እያንዳንዷን ብሎን በነጭ ጋዝ አጥቤ መልሼ ገጠምኩት። መጀመሪያ ቤት ለቤት እየዞርኩ ያረጀ ሶፋ አለበስኩ፤ ከዚያ ጉርድ ሾላ፣ ከመንገዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ። ሥራው ይመጣል፤ ግን የሰው ሶፋ ስከፍት ውስጡ ያለው እንጨት የተበላ፣ የተሰበረ ነው። እኔ ጨርቅ እንጂ እንጨት አላውቅም። አንድ ቀን ይህን ስናገር የሰማ ደንበኛ "ያ አጭሩ አናጺያችሁ ኦሎምፒያ ዘበኛ ሆኗል እኮ፣ አይቼዋለሁ" አለኝ።

አላመንኩም፤ ሄድኩ። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በር ላይ፣ ከልካቸው የሰፋ ካኪ ካፖርት ለብሰው፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሱ። ስመውኝ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። "ይምጡና አብረን እንሥራ" ስላቸው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። "አስካለ፣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው እኮ። እጅ ይረሳል።" ሌላ ቀን ሄድኩ። "እዚህ ጥሩ ነው፤ በር ከፍቼ በር እዘጋለሁ፤ የሚሰነጠቅ ነገር የለም" አሉኝ። ሲስቁ አብሬያቸው መሳቅ አቃተኝ። ያኔ ገባኝ፤ የሚጠብቁት እኔን አይደለም።

መርካቶ ሄጄ ከድርን አገኘሁት። ሜትር በእጁ እንደያዘ አዳመጠኝና ከጨርቅ ጣቃዎቹ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። "በምን ዓይኔ ልያቸው አስካለ? በሰው ፊት እኮ ነው የጮህኩባቸው። ልክ እሳቸው ነበሩ።" "አዎ፣ ልክ እሳቸው ነበሩ" አልኩት። ሜትሩን ጠቅልሎ አስቀመጠው። "ነይ እንሂድ። ነገ ካልኩ አልሄድም።"

ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊወርድ ፈለገ። ደርሰን ጋሽ ወልዴ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ እንደ ድሮው ለቀጣሪያቸው። ከድር ይህን ሲያይ ነው የተሸነፈው። "ይቀመጡ ጋሽ ወልዴ። እባክዎ ይቀመጡ። እኔ ነኝ መቆም ያለብኝ።" አልተቀመጡም። "እንጨቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እርስዎንም ያሳዘንኩ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነበር።" መኪና ሊገባ መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ጋሽ ወልዴ ሄደው በሩን ከፈቱ፣ አስገቡ፣ ዘጉ፣ ተመለሱ። "እኔም ፈርቼ ነበር" አሉት። "አንተ ጮህክ፣ እኔ አኮረፍኩ። ልጅ የነበርከው አንተ ነህ፤ እኔ መታገሥ ነበረብኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ያ ጉርድ ሾላ ያልሽው ቦታ፣ ከወንዝ ይርቃል?"

"ይርቃል ጋሽ ወልዴ። ከመንገዱም ከፍ ይላል።"

"ወሩን ልጨርስ፤ ሰው ሳይተኩ በር ጥዬ አልሄድም።"

ከድርም ጨርቁን ትቶ መጣ፤ ጋሽ ወልዴ እስኪያርፉ ድረስ በጉርድ ሾላው ቤት አብረን ሠራን፤ ዛሬም እሳቸው ያስተማሯቸው ሁለት ሰዎች ይሠሩበታል። ማሽኖቹ በሙሉ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ናቸው፤ ጣውላው በቆጥ ላይ ነው። እንግዳ የሆነ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ከድር ከጥቂት ዓመት በፊት አረፈ፤ አላህ ይማረው። ጋሽ ወልዴ በሕይወት እስካሉ ድረስ እንጨት ሲገዛ እሳቸውን ሳይጠይቅ አንድ ጣውላ አላነሳም።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት ይልቅ የማስታውሰው የመጀመሪያውን ቀን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት መጡ። ካፖርቱን መልሰው፣ የድሮ ሽርጣቸውን አጥበው አምጥተዋል። ጆንያውን ፈቱ፤ መሮዎቹ ዝገው ስለነበር ሲስሉ ረፈደ። ከዚያ ለአንድ ሶፋ እግር የሚሆን ዋንዛ ያዙና መፈልፈል ጀመሩ። መሮው አመለጣቸው። ሌላ እንጨት አነሱ፤ ልኩ ተሳሳተ። ሦስተኛውም አልሆነም። መሮውን ቀስ ብለው አስቀመጡት፣ ሁለት መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ ግንባራቸውን በላዩ ደፉ። ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል። ሃምሳ ምናምን ዓመት የሆናቸው፣ ሳቅ እንጂ ሌላ አይተንባቸው የማናውቅ ሰው ናቸው። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ብሄድ ያፍራሉ፤ ዝም ብል ልቅሷቸው ይሰማል። ዞር ብዬ ማሽኔን መርገጥ ጀመርኩ። ክር አልነበረውም፤ ጨርቅም አልነበረበትም፤ ዝም ብዬ በኃይል ረገጥኩት፣ ቤቱ ድምፅ እንዲሞላ። ከድር በር ላይ ነበር። አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ገባው። ወደ መንገዱ ዞሮ ከሌለ ደንበኛ ጋር ጮክ ብሎ ይከራከር ጀመር። "አይሆንም ወንድሜ! በዚህ ዋጋ ዋንዛ? የት አገር ነው ያለኸው?" እኔ ባዶ ማሽን እረግጣለሁ፣ ከድር ከአየር ጋር ይጨቃጨቃል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። እግሬ ዝሎ ላቆም ስል ከኋላዬ መላጊያው እንጨቱ ላይ አንድ ረዥም፣ ያልተቆራረጠ ድምፅ አሰማ። ከዚያ ሌላ። ከድር ክርክሩን ትቶ ገባ።

"አስካለ" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ "ያለ ክር ስትሰፊው ያረፈድሽው ሶፋ የማን ነው?"